በቡድን ተራራ ስንወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ቀላል ይመስላል። ጠዋት ይወጣል፣ አናቱ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ቤት ይገባል። ድንኳን መሸከም የለ፣ ምግብ ማብሰል የለ። ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄው ነው። መንገዱ ድንጋያማ፣ ተጓዡም ብዙ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚገርመው፣ አብዛኛው ጣጣ ከተራራው አይመጣም። ማን ከፊት ሄደ፣ ማን ከኋላ ቀረ፣ ማን ደክሞት ዝም አለ ከሚለው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስለ ጫማና ስለ ውሃ ከማውራቴ በፊት ከሰዉ ልጀምር።

የመጨረሻው ሰው እንደደረሰ መነሳት

በቡድን ጉዞ ላይ ከዚህ በላይ የተለመደ ስህተት የለም። የሚሠሩት ሰዎች ግን ስህተት መሆኑ እንኳን አይታያቸውም። ፈጣኖቹ ቀድመው ይወጡና ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የመጨረሻው ሰው ላብ በላብ ሆኖ ብቅ ይላል። ገና እንደታየ "መጣ፣ በቃ እንሂድ!" ይባላል። ያረፉት ይነሳሉ፤ ማረፍ የነበረበት ሰው ቦርሳውን እንኳን ሳያወርድ ይቀጥላል። ይሄ በአንድ ቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም አስቡት። ብርቱው በእረፍት ላይ እረፍት ይጨምራል፤ ደካማው አንድም ጊዜ ሳይቀመጥ ከሰዓት ይሆናል። ከዚያ እግሩ ሲከዳው ሁሉም ይገረማል።

እረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው ብላችሁ ገና ከታች ተስማሙ። ሌላው ዘዴ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሰው ከመሪው ቀጥሎ ማድረግ ነው። እዚያ ሲሆን የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው እሱ ነው፤ ለመድረስ ሲል አይሮጥም። "እኔ ነኝ ያስቆየኋችሁ" ብሎ ሼም አይይዘውም። ፈጣኖቹ ይሰለቻቸው ይሆናል። ይሰልቻቸው። ጉልበት የተረፈው ሰው የቡድኑን ትርፍ ውሃና የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ይሸከም፤ ፍጥነቱ ወዲያው ይመጣጠናል።

ከኋላ ማን እንዳለ አለማወቅ

መሪ ሁሌም አይጠፋም፤ ከፊት መሆን ሁሉም ይወዳል። የሚረሳው ደጀኑ ነው። ከኋላ ሆኖ ሁሉንም እየነዳ የሚሄድ፣ ማንም ከእሱ ኋላ የማይቀር አንድ ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ ደክሞት ኋላ የቀረውን ሰው "አንተ ደጀን ነህ" ማለት አይሠራም። ለዚህ የሚመረጠው ጠንካራና ትዕግሥተኛ ሰው ነው። በኔ እይታ ከቡድኑ ሁሉ ምርጡ ሰው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው መሆን ያለበት።

መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ ላይ ከፊት ያለው ይቁም፤ ሁሉም ሳይሰበሰብ አይቀጥል። ቋጥኝ በበዛበት ቦታ ሃያ እርምጃ መራቅ ብቻ ሰውን ከዓይን ይሰውራል። ለሽንት ከመንገድ የሚወጣ ሰው ለአንድ ሰው ተናግሮ፣ ቦርሳውን መንገዱ ዳር አስቀምጦ ይሂድ። ደጀኑ ቦርሳውን ሲያይ ይጠብቀዋል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን "አብሮን ነበር እኮ!" ከሚል ድንጋጤ ታድናለች።

ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ መውጣት

"ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃናል" የሚል ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። ሜዳ ላይ ቢሆን ልክ ነበር። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራበታል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። ያ 12 ኪሎ ሜትር 900 ሜትር ወደ ላይ የሚያስወጣ ከሆነ አራት ሰዓት ገደማ ሆነ ማለት ነው። ያውም ለብርቱ ሰው፣ ያለ እረፍት፣ ያለ ምሳ፣ ያለ ፎቶ።

ድንጋዩና ብዛቱ ደግሞ የራሳቸውን ይወስዳሉ። በእጅ እየተያዘ የሚወጣበት አንድ ጠባብ ቦታ አለ እንበል። አሥራ አምስት ሰው ተራ በተራ ሲያልፍ ለያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ግማሽ ሰዓት እዚያው አለቀ። ሲወረድም ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ከሆናችሁ ከስሌቱ ላይ ቢያንስ ግማሹን ጨምሩበት። አራት ሰዓት ያለው ስድስት ይሁን።

ትኩስ እግር ይዞ መሮጥም ከዚሁ ስህተት የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ሁሉም ጀግና ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሄዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። ወሬው ድንገት ጸጥ ካለ መሪው ዞር ብሎ ይይ።

የመመለሻ ሰዓት ሳይቆርጡ መጀመር

አናቱ ላይ ተደረሰም አልተደረሰም የሚዞርበት ሰዓት አለ። እሱ የሚቆረጠው ታች ሆኖ፣ ጭንቅላት ሲቀዘቅዝ ነው። ላይ ሆኖ አይቆረጥም፤ ምክንያቱም ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ጫፉ ላይ ነው። ድንጋያማ ኮረብታ ደግሞ ያታልላል። "ያቻት!" ያላችኋት ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከኋላዋ ሌላ ከፍ ያለች ብቅ ትላለች። ከእሷ ኋላ ሌላ። "ትንሽ ነው የቀረን" የሚለው ቃል ሰዓቱን ሁሉ የሚበላው እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኤቨረስት ላይ በአንድ ማዕበል ስምንት ሰዎች ሲሞቱ፣ በኋላ በብዛት ከተነሱት ጉዳዮች አንዱ የመመለሻ ሰዓት አለመከበሩ ነበር። ለአንድ ቀን ጉዞ ኤቨረስትን ማንሳት ማጋነን ሊመስል ይችላል። ሰውን የሚያታልለው ሐሳብ ግን አንድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት እወቁ። ከእሱ ላይ ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ቀንሱ። ከዚያ ደግሞ ለመውረድ የሚያስፈልጋችሁን ቀንሱ። የተረፈው የመዞሪያ ሰዓታችሁ ነው። ሁሉም ሰው ይስማው፤ መሪው ብቻ ይዞት አይሂድ። ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም ይዞራል። ይደብራል፣ አውቃለሁ።

ከሰው ሥር መቆም

አሁን ወደ ድንጋዩ። ለብቻ የሚሄድ ሰው የሚፈራው መውደቅን ነው። በቡድን የሚሄድ ሰው ግን ከላይ ያለው ጓደኛው የሚያንከባልልበትን ድንጋይም መፍራት አለበት። የጡጫ ያህል ድንጋይ ከአሥር ሜትር ወርዶ ራስ ቢመታ ቀልድ የለውም።

ሰፋ ያለ ተዳፋት ላይ አንዱ ከሌላው ቀጥታ ሥር አይሁን፤ ወደ ጎን ሰያፍ ሆናችሁ ሂዱ። ጠባብ ሰርጥ ውስጥ ሰያፍ መሆን አይቻልም፤ እዚያ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ አንዱ ጨርሶ እስኪወጣ ሌላው ከዳር ተጠልሎ ይጠብቃል፣ ወይ ደግሞ በጣም ተጠጋግታችሁ ትወጣላችሁ። መጠጋጋቱ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ነገር ግን ድንጋዩ ፍጥነት ሳያገኝ በእጅ ወይም በእግር ይያዛል። በጣም መጥፎው መሐለኛው ርቀት ነው።

ድንጋይ ያንከባለለ ሰው ወዲያውኑ፣ ጮክ ብሎ፣ "ድንጋይ!" ይበል። ይቅርታው በኋላ ይደርሳል። ከታች ያለው ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ማየት የለበትም። የሁሉም ሰው ደመ ነፍስ ማየት ነው፤ ፊትን የሚያስመታውም ይሄው ነው። ወደ አለቱ ተጠግቶ፣ አንገትን ሰብሮ፣ ቦርሳን ወደ ላይ አድርጎ መሸሸግ ይሻላል። ይህን መንገድ ላይ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

ያገኙትን መያዝ፣ ያገኙትን መርገጥ

አለት ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ሰውነታችሁን ከመጣላችሁበት በፊት በመዳፍ መታ መታ አድርጉት። ባዶ ድምፅ ካለው ወይም ከነቃነቀ ተዉት። መያዣውን ወደ ራሳችሁ አትሳቡት፤ ወደ ታች ተጫኑት። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁሌም አለቱን ይዘው፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ እጅ አይገባም፤ እባብም ጊንጥም ጥላ ይወዳሉ።

ዘንበል ያለ ለስላሳ አለት ላይ ሰው ሲፈራ በእግሩ ጣት ይቆማል፣ ወይም ጎንበስ ብሎ አለቱን ያቅፋል። ሁለቱም ያንሸራትታሉ። ሙሉ ጫማው አለቱን እንዲነካ ቀጥ ብሎ መቆም ነው የሚይዘው። ዝናብ ከነካው ግን ይሄም አይሠራም፤ በተለይ ሽበት በሚመስል ነገር የተሸፈነ አለት ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው።

አንድ ሕግ ብቻ አስታውሱ ብባል ይቺን እመርጣለሁ፦ መውረድ የማትችሉትን አትውጡ። ስንወጣ እጃችንንም መርገጫችንንም እናያለን። ስንወርድ እግራችን የት እንደሚያርፍ አይታይም። "ወደ ላይ ብቻ ነው፣ ቀላል ናት" ተብሎ የተወጣ ቋጥኝ ላይ ነው ሰው ቆሞ የሚያለቅሰው። ቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው እንኳን ከታች ሆኖ ከተጠራጠረ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ጫማ፣ ካልሲ፣ ጥፍር

አዲስ ጫማ ለተራራ ቀን አይፈታም። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሌም ግን አንድ ሰው ያደርገዋል። የጥጥ ካልሲ ላብ ይይዛል፤ እርጥበትና ፍትጊያ ሲገናኙ ደግሞ እግር ውሃ ይቋጥራል። ተረከዝ ላይ የሚያቃጥል ነገር ሲሰማችሁ ያኔውኑ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። "አናቱ ላይ አየዋለሁ" ያለ ሰው አናቱ ላይ የሚያየው የተላጠ ቆዳ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የጥፍሩን ጉዳይ ነው። ሲወረድ እግር ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጣቶች በየእርምጃው ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ። ጥፍር ረዘም ካለ አውራ ጣት ይጠቁራል፤ ከሳምንታት በኋላ ሊወልቅም ይችላል። ከጉዞው በፊት ጥፍራችሁን ቁረጡ። መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ተቀምጣችሁ የጫማችሁን ክር ፍቱት። ተረከዛችሁን ወደ ኋላ አስጠግታችሁ፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ለቡድኑ በሙሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

አናቱን የጉዞው መጨረሻ አድርጎ ማሰብ

አናቱ ግማሽ ነው። ዳገት ሳንባን ያደክማል፤ ቁልቁለት ግን የሚበላው ጭንና ጉልበትን ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችንን የሚይዘው፤ ይህ ጡንቻን ክፉኛ ይጎዳል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተን ለዚህ ነው። በደከመ ጭን ላይ "ሥራው አለቀ" የሚል መዘናጋት ሲጨመር ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል።

ስለዚህ ውሃውንም ስንቁንም አናቱ ላይ አትጨርሱ። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ። ጠጠር ላይ አትሩጡ፤ የሚሮጥ ሰው ካለ ከኋላው ያለው ሁሉ መሮጥ ይጀምራል። ዱላ ያለው ሰው አሁን ይጠቀምበት። በእጅ የሚወረድበት ቦታ ሲደርስ ግን ቦርሳው ላይ ይሰረው፤ እጅ ነፃ መሆን አለበት።

ውሃና ልብስ

ውሃ ላይ ብዙ አልልም። በመካከለኛ አየር በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ አስቡ፤ ሙቀት ከሆነ ጨምሩ። ለመቆጠብ ብሎ አለመጠጣት ሞኝነት ነው። ባዶ ውሃ ብቻ ያለ ልክ መጋትም ደግሞ የደም ጨውን አውርዶ ያሳምማል፤ ጨው ያለው ነገር አብራችሁ ብሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ውሃ ይያዝ። በጋራ የተያዘ ውሃ የሚያልቀው ከፊት ባሉት ሰዎች ነው።

ልብስ ላይ ስህተቱ ታች ባለው አየር መልበስ ነው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል፤ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ደግሞ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማለትም በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛልም ያቃጥላልም። አናቱ ላይ በላብ የራሰ የጥጥ ቲሸርት ለብሶ ነፋስ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው በአሥር ደቂቃ ይንቀጠቀጣል። ጃኬት የሚለበሰው ሲበርድ ሳይሆን ሲቆም ነው። ኮፍያና ሰንስክሪንም አይረሱ።

ደመናውን እያዩ መቀጠል

መብረቅ ሲታይ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከ30 ሰከንድ በታች ከቆጠራችሁ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ከአናቱና ከሸንተረሩ ውረዱ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

ሰው ሲፈራ ተሰብስቦ መቆም ይወዳል። እዚህ ግን መራራቅ ነው የሚያስፈልገው። አንዱ ቢመታ የተረፉት ይረዱታል፤ በመብረቅ የተመታ ሰው አካል ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለማይቆይ መንካት ይቻላል። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ጥልቀት የሌለው ዋሻ አፍም መጠለያ አይደለም፤ በአለቱ ላይ የሚወርደው ኤሌክትሪክ በዚያ በኩል ሊዘል ይችላል።

"እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ"

ይህ ቃል ጨዋነት ይመስላል። አትቀበሉት። ብቻውን የቀረ ሰው ይበርደዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ በራሱ መንገድ መውረድ ይጀምራል። እናንተ ስትመለሱ ቦታው ላይ የለም። የደከመው ሰው ከሚያውቀው ጠንካራ ሰው ጋር ይመለስ፣ አለበለዚያ ሁሉም ይመለስ። ይህን የሚቀድመው ግን መጠየቅ ነው። በብዙ ሰው ፊት "ደህና ነህ?" ሲባል "ደህና ነኝ" የማይል የለም። ደጀኑ ጠጋ ብሎ፣ ለብቻው፣ "ውሃህ ስንት ቀረ? መቼ ነው የበላኸው?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱ እዚያ ውስጥ አለ።

ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽን በድካም ብቻ አታሳብቡ። ከፍታው ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ያለበት ሰው ወደ ላይ አይቀጥል። ሚዛኑን የሚስት ወይም ንግግሩ የሚጎተት ሰው ካለ ወዲያው ወደ ታች።

ስልክን ሁሉ ነገር ማድረግ

ካርታ፣ ካሜራ፣ ሰዓት፣ መብራት፣ ሁሉም በአንድ ስልክ። ባትሪው ሲሞት ሁሉም አብሮ ይሞታል። ካርታውን ቤት እያላችሁ አውርዱት፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ካላደረጋችሁት ስልኩ ሲግናል ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። ፓወር ባንክ አንድ ሰው ይያዝ፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ግን ሁሉም ሰው ይያዝ፣ "በቀን ነው የምንመለሰው" ቢባልም። ፊሽካም ትንሽ ናት፣ ከጩኸት በላይ ትሰማለች። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ደግሞ መድገም በተራራ ላይ የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው።

አናቱ ላይ

ለሰልፊ ወደ ኋላ መራመድ የለም። ፎቶ አንሺውም ወደ ኋላ አይሂድ፤ እሱን የሚያየው የለም። ከገደሉ ጫፍ ድንጋይ መወርወርም የለም፣ ሥሩ ማን እንዳለ አይታወቅም። ለጨዋታ ድንጋይ ቆልሎ መሄድም መንገድ ያሳስታል፤ በጉም ቀን ያንን ቁልል የመንገድ ምልክት ብሎ የሚከተል ሰው አለ። የብርቱካን ልጣጭ "ይበሰብሳል" ተብሎ አይጣል፤ ደረቅ አለት ላይ ቶሎ አይበሰብስም። ሽንት ቤት ካስፈለገ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ወረቀቱን በፌስታል ይዛችሁ ውረዱ።

ቤት ላለ ሰው አለመንገር

የትኛውን መንገድ እንደያዛችሁ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመለሱና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ እርዳታ እንደሚጠራ ለአንድ ሰው ጽፋችሁ ተዉለት። በቃል የተነገረ ይረሳል። ታች ስትደርሱ ሰው ቁጠሩ፤ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስም። ከዚያ ለዚያ ሰው ደውሉ። ይህን የሚረሳ ቡድን ብዙ ነው፤ እነሱ ሻወር ወስደው ሲተኙ ሌላ ሰው በእነሱ ምክንያት ነፍስ አድን እየጠራ ይሆናል።